«ዶክተር፣ ላሳስረው ወይስ ላሳክመው?»



ስለ ጨጓራ የጀመርነውን ለሚቀጥለው አቆይተን፣ ዛሬ አንዲት እናት ስለጠየቁኝ ጥያቄ ልጻፍላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የራሴ አስተያየት ስለሆነ የማይስማማ ሰው በጨዋ ደንብ ይሞግተኝ። የባለታሪኩን ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችን ሆን ብዬ ቀይሬያለሁ፤ እሱም እናቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ዱመርሶ ላይ የቡና ለቀማው በተጋጋለበት ሰሞን ነው። በዚህ ወቅት እጅ ላይ ብር ስለሚገባ እኛ ጋ የሚመጣው በሽተኛም ዓይነቱ ይለወጣል፦ ከሞተር የወደቀ፣ ጠጥቶ የተፈነከተ፣ ጨጓራው የደማ። እናትየው ተራቸውን ጠብቀው ገቡ። በጌዴኦኛ ጀመሩ፤ እንዳልገባኝ ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት እናቴ?» አልኳቸው።

«እኔስ ደህና ነኝ። የመጣሁት ስለ ልጄ ነው።»

ልጃቸው ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል። ትምህርቱን ከ10ኛ ክፍል አቋርጧል። መጀመሪያ ጫት ነበር። ከዚያ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ብሎ አረቄ ጀመረ። ከዚያ ጋንጃ ተጨመረ። አሁን አረቄውን ጠዋት ሲነሳ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል። በቀደም ደግሞ ለዓመቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ብለው ያስቀመጡትን አንድ ጆንያ ጀንፈል አውጥቶ ሸጠው።

«ሰው መትቶ አያውቅም» አሉኝ። «ሰው አይሰድብም። የሚሰርቀውም ከእኔ ብቻ ነው። ጎረቤት ‘ለፖሊስ ስጪው’ ይለኛል። የጸሎት ቤት ሰዎች ‘ጸልዪለት’ ይሉኛል፤ ጸልያለሁ። አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። ዶክተር፣ ላሳስረው ወይስ ላሳክመው?»

በር ላይ ወደ አርባ ሰው ተሰልፏል። እኔ ደክሞኛል። ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ? «እናቴ፣ ትንሽ ቢታሰር ልብ ይገዛ ይሆናል» አልኳቸው። አንድ ደቂቃ የማይሞላ መልስ ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ ስለተናገርኩት ግን ለእሳቸው እንደ ማዘዣ ወረቀት ነበር።

አሳሰሩት። ሲያዝ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ጋንጃ ተገኘ። ከአራት ቀን በኋላ ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አመጡት። ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ሰውነቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነፍሳት እያየ በእጁ ያባርራል። የት እንዳለ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ አያውቅም። በሁለተኛው ሌሊት ጥሎት እንደነበር አብረውት የታሰሩት ተናግረዋል። መጀመሪያ «ለመፈታት ሲል እያስመሰለ ነው» ተብሎ ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ «ያደረበት ነገር አለ» ተባለ።

ማስመሰል አልነበረም። ያደረበት ነገርም አልነበረም። ለዓመታት በየቀኑ አልኮል የለመደ አእምሮ በአንድ ቀን ሲከለከል የሚፈጠር፣ በህክምና ትምህርት ቤት የተማርኩት፣ ፈተና ላይም የጻፍኩት በሽታ ነው። ካልታከመ ይገድላል። እናትየው «ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል» ብለው ምልክቱን ከፊቴ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔ አልሰማሁም።

እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ዲያዜፓም፣ ቫይታሚን ቢ1 እና ፈሳሽ ሰጥተን አረጋጋነውና ወደ ዲላ ላክነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የእናትየው ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ በደንብ ልመልሰው።

መልሴን መጀመሪያ ላስቀምጠው፦ ሌላ ሰው ያልጎዳ፣ ጥፋቱ ዕፅ መጠቀሙ ብቻ የሆነ ሰው ቦታው እስር ቤት አይደለም። ነጋዴውና አዘዋዋሪው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሕግ ይያዘው። ተጠቃሚውን ግን ማሰር ገንዘብ ያወጣል፣ ጊዜ ይፈጃል፣ በሽታውን ግን አይነካውም።

✅ ሱስ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ሱስን «የፈቃድ ማጣት» ወይም «የባለጌ ጠባይ» አድርጎ ያየዋል። በህክምና መለኪያው ግልጽ ነው። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ከሚከተሉት 6 ነገሮች 3ቱ ወይም ከዚያ በላይ አብረው ከታዩ ሰውየው ጥገኝነት አለበት እንላለን፦

1. ለመውሰድ የሚገፋፋ ኃይለኛ ፍላጎት
2. መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚያቆም መቆጣጠር አለመቻል
3. ሲያቆም ወይም ሲቀንስ አካላዊ ስቃይ መምጣቱ
4. የበፊቱን ስሜት ለማግኘት መጠኑን እየጨመሩ መሄድ
5. ሥራን፣ ቤተሰብን፣ ሌላውን ደስታ ሁሉ ለእሱ ሲሉ መተው
6. እየጎዳው መሆኑን እያወቀ መቀጠል

ስድስተኛውን ልብ በሉልኝ። ሱስ ያለበት ሰው እንደሚጎዳው ያውቃል። «እስር ቤት ቢገባ ጉዳቱን ያውቃል» የምንለው ነገር እዚህ ላይ ይፈርሳል። ልጁ የእናቱን ጀንፈል ሲሸጥ ጥፋት መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። ራሱ እንደነገረኝ እያለቀሰ ነው የሸጠው። የጎደለው መቆጣጠሪያው እንጂ እውቀቱ አይደለም። መቆጣጠሪያው ደግሞ አእምሮ ውስጥ ያለ፣ በዕፁ የተዛባ፣ በጊዜና በህክምና ቀስ እያለ የሚመለስ ነገር ነው።

ይህ ማለት ሰውየው ከኃላፊነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። የስኳር ታማሚ ስኳር ስለያዘው አንወቅሰውም፤ መድኃኒቱን መውሰድና አመጋገቡን መጠበቅ ግን የእሱ ድርሻ ነው። ሱስም እንደዚያው ነው። የስኳር ታማሚ ሰርግ ቤት ሄዶ ኬክ ስለበላ ግን ፖሊስ አንጠራበትም።

✅ እስር ቤት ውስጥ ሰውነት ምን ይሆናል?

እስቲ አንድ ሱስ ያለበት ሰው ዛሬ ማታ ተያዘ እንበልና በየዕፁ እንየው።

አልኮል፦ ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ካቆመ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ ይደናገራል፣ ትኩሳትና የደም ግፊት ይጨምራል። ሞት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ልጅ የመጣው በዚህ ሰዓት ነበር።

ትራማዶልና መሰሎቹ፦ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ስብራት የሚመስል ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አይገድልም፤ ግን አደጋው ሲፈታ ነው። ሰውነቱ ልምዱን ስላጣ፣ በፊት ይወስድ የነበረውን መጠን ሲደግም ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከእስር የተፈቱባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዚህ ምክንያት እጅግ አደገኛ እንደሆኑ በብዙ አገር ታውቋል።

ጋንጃ፦ ንዴት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መዘጋት። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታና ቀስ እያለ ይቀንሳል። አይገድልም። ግን ተናዳጅና እንቅልፍ አልባ ሰውን በጠባብ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር ስትዘጋበት ምን ሊፈጠር እንደሚችል ገምቱ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ጋንጃው የአእምሮ ሕመም ቀስቅሶበት ከሆነ ማንም ሳያውቅለት ይባባሳል።

ጫት፦ ድብርት፣ ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት አስፈሪ ሕልም። ድብርቱ ከበረታ ራስን ስለማጥፋት የሚያስብ አለ።

በዚህ ላይ ሳንባ ነቀርሳ ጨምሩበት። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበትና አየር በማይዘዋወርበት ቦታ ቲቢ እንደልቡ ይተላለፋል፤ በዓለም ደረጃ በእስር ቤቶች ያለው የቲቢ ስርጭት ከእስር ቤት ውጭ ካለው ወደ 10 እጥፍ ይደርሳል። አጫሽና ጠጪ ሳንባ ደግሞ ለቲቢ የተመቸ ነው። እስረኛው ሲፈታ ደግሞ የያዘውን ይዞ ወደ ቤቱ፣ ወደ እናቱ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ከተፈታ በኋላ «እዛ ከማን ጋር ነበርክ?» ብዬው ነበር። «ዶክተር፣ ድሮ ጋንጃውን የምገዛው ከአንድ ሰው ነበር፤ አሁን የአራት ሰው ስም አውቃለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

✅ ሕጉስ ምን ይላል?

የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን እንደ ሐኪም ልናውቀው የሚገባውን ያህል ልበል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ሥር ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን አንድ ላይ ያነሳል። ለአምራቹና ለአዘዋዋሪው ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ አለ። ቅጣቱ በየደረጃው ቢለያይም፣ ተጠቃሚውም እዚያው አንቀጽ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ እዚህ አገር ጋንጃ ማጨስ ወንጀል ነው። ይህን ማንም እንዳይሸውዳችሁ።

ግን ያው ሕግ ሌላም በር አለው። ፍርድ ቤት ቅጣትን ገድቦ ሰውየው በፈተና ጊዜ በክትትል ሥር እንዲቆይ ማድረግ ይችላል፤ ይህ ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ተቀምጧል። የአእምሮ ሁኔታው የተጓደለ ተከሳሽ ደግሞ ህክምና እንዲያገኝ የሚታዘዝበት መንገድ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ አለ። ዓለም አቀፍ ስምምነቶቹም ቢሆኑ በር አልዘጉም። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የዕፅ ስምምነት በ1972 ሲሻሻል፣ እንዲሁም የ1988ቱ ስምምነት፣ ለተጠቃሚዎች በቅጣት ፋንታ ህክምናና ተሐድሶ መስጠት እንደሚቻል በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚለው ሙሉ መልስ አይደለም።

ሌላው እንደ ሐኪም የሚከነክነኝ ነገር፣ የሕጉ ክብደትና የጉዳቱ ክብደት አለመገጣጠም ነው። ጫት ሕጋዊ ነው፤ መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 767 የኤክሳይስ ታክስ ጥሎበታል። አረቄ በየመንደሩ ይወጣል፣ ይሸጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ተከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን በየአረቄ ቤቱ መታወቂያ የሚጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ክፍል ውስጥ ከዕፅ ሁሉ በላይ ሰው ሲጎዳ የማየው በአልኮል ነው። ጋንጃ ይፈቀድ እያልኩ አይደለም፤ በተለይ ለወጣት አእምሮ አደገኛ ነው። እያልኩ ያለሁት፣ የእኛን ልጅ ሊገድለው የነበረው ሕጋዊው አረቄ ሆኖ ሳለ ያሳሰረው ኪሱ ውስጥ የነበረችው ጋንጃ መሆኗን አስተውሉልኝ ነው።

✅ «ግን እኮ ዶክተር...»

ይህን ሀሳብ ሳነሳ የሚመጡብኝ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሦስቱም የሞኝ ጥያቄ አይደሉም።

አንደኛ፦ «ካልታሰረ አይማርም፤ እኔ የማውቀው ልጅ ታስሮ ወጥቶ ትቷል።»

እውነት ነው፣ አለ። እኔም አውቃለሁ። ግን ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ ብዙውን ጊዜ ያተረፈው አብሮት የቆየ ሰው፣ ያገኘው ሥራ፣ ወይም የቀየረው ሰፈር ነው። ጥገኝነት ደረጃ ላይ ያልደረሰ ወጣት ደንግጦ ሊተው ይችላል። ጥገኝነት ያለበት ግን እስር ቤት ሆኖ ሲከለከል አቆመ እንጂ አልዳነም። በሩ ሲከፈት ፍላጎቱ እዚያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፦ «ዝም ከተባለ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያበላሻል።»

ህክምና ማለት ዝም ማለት አይደለም። እንዲያውም ዝም ያልነው አሁን ነው። ቤተሰብ ፖሊስ ይመጣብናል ብሎ ይደብቃል፤ ወጣቱ ጤና ተቋም ሄዶ «እጠቀማለሁ» ማለት ይፈራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው ነው። የሚሸጥለትን ሰው መያዝ ደግሞ ይቻላል፤ ይገባልም። ለሕፃናት የሚሸጥ፣ ሰክሮ የሚነዳ፣ ሰው የሚደበድብ በሠራው ይጠየቅ። ሱስ ለዚያ መደበቂያ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ «እሺ አናስረው፤ ማሳከሚያው የት አለ?»

ይህ ነው ከባዱ። እዚህ ላይ አንገቴን እደፋለሁ። አማኑኤል አዲስ አበባ ነው። ጳውሎስም አዲስ አበባ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከእኛ ደግሞ ይበልጣል። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ አስታማሚው፣ ከእርሻ የሚቀረው ቀን... አንዲት ከእንሰትና ከትንሽ ቡና የምትኖር እናት ይህን ከየት ታምጣ? ፖሊስ ጣቢያ ግን በእግር ይደረሳል፤ ክፍያም የለውም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቤተሰብ ልጁን የሚያሳስረው እስር ይሻላል ብሎ አምኖ አይደለም። እስር ቤት ቅርብ ስለሆነ፣ ህክምና ሩቅ ስለሆነ ነው። እናትየውም ቢሆኑ መጀመሪያ የመጡት ወደ ጤና ተቋም ነበር። ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሄዱት ከእኔ ክፍል ወጥተው ነው።

✅ ታዲያ አንድ ተራ ጤና ተቋም ምን ማድረግ ይችላል?

ከምናስበው በላይ ይችላል። የሱስ ህክምና ማለት የግድ ትልቅ ግቢና የብረት በር ያለው ማገገሚያ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች፣ ማለትም በእኔ ዓይነት ጠቅላላ ሐኪም፣ በጤና መኮንንና በነርስ ሊሠራ የሚችል የአእምሮና የሱስ ህክምና መመሪያ ካወጣ ቆይቷል። ጥቂት ጥያቄዎች ያሉት መመርመሪያ ቅጽ አለ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ከዚያ አጭር ምክር አለ፤ ስብከት አይደለም፣ ሰውየው ራሱ ለምን መተው እንደሚፈልግ እንዲናገር መርዳት ነው። የአልኮል ማቋረጫ ስቃይን የምናክምበት መድኃኒት ውድ አይደለም። ለከበደው ደግሞ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያሰለጥናል። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ነው።

ሌሎች አገሮችም ሀብታም እስኪሆኑ አልጠበቁም። ታንዛኒያ ሄሮይን ለሚወስዱ ሰዎች ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ውስጥ መስጠት የጀመረችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኬንያም ተከትላለች። ፖርቱጋል ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለግሉ የሚሆን፣ ከ10 ቀን የማይበልጥ መጠን ይዞ የተገኘን ሰው ወደ ወንጀል ፍርድ ቤት አትልክም። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ እነሱም ይህ ሰው ህክምና ይፈልጋል ወይ ብለው ያያሉ። ዕፁ ሕጋዊ አልሆነም፣ ነጋዴውም ይታሰራል። ግን ልብ በሉ፣ ፖርቱጋል ማሰሩን ስታቆም ህክምናውን አብራ አስፋፍታለች። አንዱን ትቶ ሌላውን አለመሥራት ሰውን መንገድ ላይ መጣል ነው።

ሦስት ሰው ተቀምጦ የተቸገረን ሰው ጉዳይ መስማት ደግሞ ለጌዴኦ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ሶንጎ አለ አይደል? ሽማግሌዎቹ፣ ሃይቻዎቹ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የተጣላን ሲያስታርቁ፣ ያጠፋን ሲያስክሱ የኖሩበት ነው። በዳዩ ይናገራል፣ ተበዳዩም ይናገራል፣ ከዚያ ጥፋተኛው ካሳውን ከፍሎ ወደ ሰው ይመለሳል። እዚህ አገር እንግዳ ስለሆንኩ ብዙ አላውቅም፤ ያየሁት ግን ሰውን ከማኅበረሰቡ ሳይቆርጡ ተጠያቂ ማድረግ እንደሚቻል አሳምኖኛል። እናትና ልጅ የአንድ ጆንያ ጀንፈል ጉዳይ ይዘው ከፖሊስ ጣቢያ በፊት እዚያ ቢሄዱ፣ አንድ የጤና ባለሙያም አብሮ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

✅ የምጠይቀው ይህን ነው

ለፖሊሶች፦ ሰው ሲታሰር «በየቀኑ ትጠጣለህ ወይ? መጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው? መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ደቂቃ ነው። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ የሚቃዥ ወይም የጣለው እስረኛ ካለ «እያስመሰለ ነው» ከማለታችሁ በፊት ወደ ጤና ተቋም አምጡት። በሌሊትም ቢሆን። እኛ እንጨርሰዋለን።

ለዐቃቤ ሕግና ለዳኞች፦ ለግሉ ትንሽ ይዞ የተገኘ፣ ሰው ያልጎዳ ወጣት ሲመጣ የጤና ምርመራ ይጠየቅለት። ቅጣቱ ተገድቦ በህክምና ክትትል ውስጥ እንዲቆይ ሕጉ የሰጣችሁን በር ተጠቀሙበት።

ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች፦ «ሱሰኛ ነው» ብለን ፊታችንን አናዙር። መመርመሪያውን እንጠቀም። እኔ ያጠፋሁትን አታጥፉ።

ለቤተሰብ፦ 
👉 በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ቤት ውስጥ ዘግታችሁ በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት። ተቆልፎበት ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። መጀመሪያ ጤና ተቋም አምጡት።
👉 ጸሎቱን አታቁሙ፤ መድኃኒቱንም አታስቁሙ። ሁለቱ አይጣሉም።
👉 አንዴ ታክሞ ከተመለሰበት «አይድንም» ብላችሁ አትተዉት። ማገርሸት የበሽታው ጠባይ ነው። ግፊት ቢጨምር መድኃኒት እናስተካክላለን እንጂ በሽተኛውን አናባርርም።
👉 ብር በእጁ አትስጡት፣ ዕዳውን አትክፈሉለት። ምግብና መኝታ ግን አትከልክሉት።
👉 ራሴን አጠፋለሁ ካለ ቀልድ ነው አትበሉ። ብቻውን አትተዉት፣ ያኑ ቀን አምጡት።

✅ ልጁስ?

መጨረሻውን ሳልነግራችሁ ብቀር ትቆጡኛላችሁ። ከዲላ ከተመለሰ በኋላ ጉዳዩ ተራዝሞ ጥቂት ሳምንታት ታስሮ ወጣ። በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠጣ። እናቱ ይዘውት መጡ። በዚህ ጊዜ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። በር ላይ የተሰለፈው ሰው ቁጥር እንደበፊቱ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ወሰደብኝ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። አረቄውን ካቆመ አምስት ወር ሆኖታል። በመሃል አንዴ ወድቋል፤ በነጋታው ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ጫቱን አልተወም፣ ቀንሷል። ጋንጃውን «ትቻለሁ» ይለኛል፤ አምነዋለሁም አላምነውምም፣ ግን መምጣቱን አላቋረጠም። በዚህ ዓመት ለቀማ ላይ የሰው ቡና ለቅሞ ያገኘውን ለእናቱ ሰጥቷል። ሙሉ ጆንያ አይገዛም። እናትየው ግን ብሩን አሳይተውኛል፤ በመሃረብ ቋጥረውት ነበር።

ያኔ የጠየቁኝን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ «እናቴ፣ እናሳክመው። ይረዝማል፣ ያደክማል፣ ግን አብረን ነን» እላቸው ነበር። ያን ቀን ልላቸው የሚገባኝ ይህ ነበር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያያችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የሰው ስም ግን አትጥቀሱ። በአደባባይ መጻፍ የሚከብዳችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው። ፖሊስ፣ ዳኛ ወይም የጤና ባለሙያ የሆነ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አጋሩት። ምናልባት አንድ ሌሊት፣ በአንድ ጣቢያ፣ የሚንቀጠቀጥ አንድ ሰው ያተርፋል።

ጤና ይስጥልን። በሚቀጥለው ወደ ጨጓራችን እንመለሳለን።